ቀንና ሌሊት የጠፋበት አልጋ
ስለ ጽኑ ሕሙማን ዕንቅልፍ የወጣው መመሪያ ከቂርቆስና ከካዛንቺስ ሲመዘን

መግቢያ

በጽኑ ሕሙማን መከታተያ ክፍል ሰንብቶ ወደ ተራ ክፍል የተዛወረ ሰው፣ አእምሮው ሲመለስ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች መካከል ሁለቱ አይጠፉም። «ስንት ቀን ሆነኝ?» ይላል፤ ቀጥሎም «አሁን ቀን ነው ወይስ ማታ?» ሲል ይጠይቃል። ጥያቄው ለጤና ባለሙያው ተራ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ታካሚው ከበሽታው በተጨማሪ ምን እንደ ደረሰበት ከዚህ በላይ የሚገልጽ ቃል ማግኘት ያዳግታል። ሕይወቱን ያተረፈው ክፍል ጊዜውን ወስዶበታል።

የጊዜ መጥፋት የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሰውነት ሙቀት፣ የኮርቲሶልና የሜላቶኒን መጠን፣ የደም ግፊት፣ የአንጀት እንቅስቃሴና የበሽታ መከላከል ኃይል ሁሉ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚሉት በውስጣዊው የሰውነት ሰዓት ትእዛዝ ነው። ይህ ሰዓት ሲዛባ ዕንቅልፍ ይቆራረጣል፤ ዴሊሪየም የተባለው ድንገተኛ የአእምሮ መናወጥም አብሮ ይታያል።

ጉዳዩን በስፋት ከያዙት መመሪያዎች ዋነኛው በአሜሪካ የሚገኘው የጽኑ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውና በተለምዶ «ፓዲስ» በመባል የሚታወቀው ነው። መመሪያው ሕመምን፣ መረበሽንና ማደንዘዣን፣ ዴሊሪየምን፣ ያለ እንቅስቃሴ መተኛትንና የዕንቅልፍ መዛባትን አንድ ላይ ይዟል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ዕንቅልፍ የሚናገረውን ምዕራፍ መመርመርና በመሀል አዲስ አበባ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ምን እንደሚፈይድ፣ ምንስ እንደሚጎድለው ማመልከት ነው። ትችቱ በአንድ የተወሰነ ተቋም ላይ ያነጣጠረ አይደለም።

መመሪያው የሚለውና የማይለው

መመሪያውን ያዘጋጁት 32 ባለሙያዎች፣ 4 የጥናት ዘዴ ጠበብትና 4 ከጽኑ ሕመም የተረፉ ሰዎች ናቸው። በሽታውን በአልጋ ላይ ሆነው ያዩ ሰዎች በዝግጅቱ መሳተፋቸው የሚመሰገን ነው፤ ዕንቅልፍ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ማግኘቱም ትልቅ እርምጃ ነው። ከዚህ ቀደም የወጣው የ2013 መመሪያ ለርእሱ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አልሰጠውም ነበር።

ምዕራፉ ሲነበብ ግን የሚያስደንቀው ቁጥብነቱ ነው። በሌሊት ብርሃንንና ድምፅን መቀነስን ይመክራል፤ ማስረጃው ግን ዝቅተኛ ጥራት ያለው መሆኑን አይሸሽግም። በርካታ እርምጃዎችን ያቀናጀ የዕንቅልፍ ሥርዓት እንዲኖር ያሳስባል፤ የዚህን ማስረጃ ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ይለዋል። ፕሮፖፎል ለዕንቅልፍ ሲባል እንዳይሰጥ ይመክራል። ስለ ሜላቶኒን በ2018 ምንም ምክር አልሰጠም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ማሻሻያ ሜላቶኒንን ከመከልከል መስጠት ይሻላል ብሏል፤ ይህንንም ያለው በዝቅተኛ እርግጠኝነት ነው። በ2018ቱ መመሪያ በአጠቃላይ ከቀረቡት 37 ምክሮች ጠንካራ የተባሉት 3 ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት 34ቱ ሁኔታን ያገናዘቡ ናቸው።

ይህ ሐቀኝነት መመሪያውን ያስከብረዋል። ይሁን እንጂ አንድ አደጋ አለው። ሥራ የበዛበት ባለሙያ «ማስረጃው ደካማ ነው» የሚለውን «ነገሩ አስፈላጊ አይደለም» በሚል ሊተረጉመው ይችላል። ሁለቱ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሌሊት መብራት ማጥፋት ዴሊሪየምን በስንት እጅ እንደሚቀንስ አለመታወቁ፣ ሰውን በጣሪያ መብራት ሥር ሌሊቱን ሙሉ ማስተኛት ተገቢ ነው ማለት አይደለም። ታካሚ ሌሊት ጨለማ እንዲያገኝ ማስረጃ ከሚጠየቅ ይልቅ፣ መብራቱ ለምን እንደሚበራ ምክንያት ሊጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛውና ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ምዕራፉ ዕንቅልፍን በአብዛኛው የሌሊት ጉዳይ አድርጎ ይመለከታል። የሰውነት ሰዓት ግን የሚሞላው በማለዳ ነው።

ሰዓቱ እንዴት ይሞላል?

ፈረንሳዊው ሊቅ ደ ሜራን እ.ኤ.አ. በ1729 ስትነካ ቅጠልዋን የምታጥፈውን ሚሞሳ የተባለች ተክል በጨለማ ውስጥ አስቀምጦ ሲመለከት፣ ፀሐይ ሳታያት እንኳ ቅጠልዋን በቀን ትዘረጋ፣ በማታ ትሰበስብ ነበር። ሰዓቱ በውስጥዋ መሆኑ የተጠረጠረው ያኔ ነው። የሰዓቱ ሞለኪውላዊ አሠራር እስኪገለጥ ድረስ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ አልፈዋል። ለዚሁ ግኝታቸው ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በሰው ልጅ ዋናው ሰዓት የሚገኘው በሃይፖታላመስ ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ በላይ ነው። ያለ ውጫዊ ምልክት ሲተው አንድ ዙሩን የሚጨርሰው ከሃያ አራት ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች በሚያልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ በየቀኑ ካልተስተካከለ እየዘገየ ይሄዳል። የሚያስተካክለውም በዋነኛነት ብርሃን ነው። በሬቲና ውስጥ ሜላኖፕሲን የተባለ ቀለም የያዙ ልዩ ሕዋሳት የብርሃኑን መልእክት፣ በተለይም ወደ ሰማያዊነት የሚያደላውን፣ ለዚህ ማእከል ያደርሳሉ። የማለዳ ብርሃን ሰዓቱን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ የማታ ብርሃን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ከብርሃን ቀጥሎ የምግብ ሰዓት፣ የሰውነት እንቅስቃሴና ከሰው ጋር መገናኘት የየበኩላቸውን ምልክት ይሰጣሉ።

እነዚህ ምልክቶች በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ብርሃኑ በቀን ደካማ፣ በሌሊት ደግሞ ከሚገባው በላይ ብርቱ ይሆናል። ምግቡ በቱቦ ሳያቋርጥ ይንጠባጠባል። እንቅስቃሴ የለም፤ ወዳጅ ዘመድም በተወሰነች ደቂቃ ይገባና ይወጣል። በሽታው ራሱም ይጨምርበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የኦስትሪያ ጥናት፣ ሴፕሲስ ባለባቸው ጽኑ ሕሙማን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የሜላቶኒን የቀንና የሌሊት ልዩነት መጥፋቱን አሳይቷል። ማደንዘዣዎች ደግሞ ዓይንን ቢከድኑም የተፈጥሮን ዕንቅልፍ አይተኩም። ፀጥ ብሎ የተኛ የሚመስል ታካሚ ሁሉ ተኝቷል ማለት እንዳልሆነ ባለሙያው ልብ ሊለው ይገባል።

የማስረጃው ብርታትና ድካም

በዚህ ርእስ ላይ የተካሄዱት ጥናቶች ሲመረመሩ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ ጥፋተኛው ድምፅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የፍሪድማንና የባልደረቦቹ ጥናት በ22 ጽኑ ሕሙማን ላይ የዕንቅልፍን መቆራረጥና የአካባቢውን ድምፅ በአንድ ጊዜ ለክቷል። ከመንቃቶቹ ውስጥ በድምፅ ምክንያት የተከሰቱት 17 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ታካሚዎቹ ከተኙት ዕንቅልፍ ከግማሽ በላይ የሆነውም በቀን የተተኛ ነበር። ስለዚህ ለታካሚው የጆሮ መድፈኛ ሰጥቶ «ዕንቅልፍ ተጠብቋል» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ሁለተኛ፣ የሕክምና ሥራው ራሱ ዕንቅልፍ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ታምበሪና ባልደረቦችዋ በአራት ክፍሎች የ50 ታካሚዎችን 147 ሌሊቶች መረመሩ። በአንድ ሌሊት በአማካይ ከ42 ጊዜ በላይ ታካሚው ለእንክብካቤ ተነክቷል። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያልተቋረጠ ጊዜ የተገኘው 9 ጊዜ ብቻ ነው። ከዕለታዊው ገላ ማጠብ 62 በመቶ ያህሉ የተከናወነው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። ገላ መታጠብ ለታካሚው ክብርና ንጽሕና አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። በእኩለ ሌሊት መሆኑ ግን የታካሚው ፍላጎት ሳይሆን የሥራ ክፍፍሉ ውጤት ነው።

መፍትሔ ይሆናሉ የተባሉት ሲፈተኑ ደግሞ ውጤቱ የተቀላቀለ ነው። በእንግሊዝ አገር በፕሬስተን ከተማ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሥራ፣ የሌሊት ብርሃንና ድምፅ በመቀነስ፣ የሌሊት ሥራዎችን በማሰባሰብና ታካሚውን ስለ ጊዜና ቦታ በማስታወስ ዴሊሪየምን ከ33 በመቶ ወደ 14 በመቶ ዝቅ ማድረጉን ዘግቧል። ውጤቱ የሚያበረታታ ቢሆንም ንጽጽሩ በፊትና በኋላ በነበሩ ታካሚዎች መካከል ስለሆነ የለውጡን መንስኤ በእርግጠኝነት ለመለየት ያስቸግራል። በሌላ በኩል በኔዘርላንድ በ734 ታካሚዎች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሙከራ በቀን እስከ 1700 ሉክስ የሚደርስ ሰው ሠራሽ ብርሃን ከጣሪያ ሰጥቶ ዴሊሪየምን መቀነስ አልቻለም። ብርሃኑን ካገኙት 38 በመቶ፣ ካላገኙት 33 በመቶ ዴሊሪየም ታይቶባቸዋል። ሜላቶኒንም በአውስትራሊያ በ850 ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሪፖርት ዴሊሪየምን አልከለከለም።

ከእነዚህ ውጤቶች «የሰውነት ሰዓትን መጠበቅ ዋጋ የለውም» የሚል መደምደሚያ ላይ የሚደርስ ካለ ይቸኩላል። ሙከራዎቹ የፈተኑት ከጠፉት ምልክቶች አንዱን ብቻ መልሶ መስጠትን ነው። በማደንዘዣ ዓይኑ ለተከደነ፣ ሌሊት አርባ ጊዜ ለሚቀሰቀስ፣ ምግቡ ሳያቋርጥ ለሚንጠባጠብለት ሰው የጣሪያ ብርሃን ብቻውን ምን ያህል ሊፈይድ ይችላል? ሰዓትን የሚያዛቡት ምክንያቶች ብዙ ከሆኑ የአንዱ መስተካከል ሌሎቹን አያካክስም። ዴሊሪየምም ቢሆን ከኢንፌክሽን፣ ከኦክስጅን ማነስ፣ ከመድኃኒትና ከሌሎችም ምክንያቶች የሚመጣ ስለሆነ፣ የሰዓቱን ሁኔታ በዴሊሪየም ብቻ መለካት ጠባብ መስፈርት ነው።

ከቂርቆስ ሲታይ

መመሪያው የተጻፈው ለዓለም ሁሉ ቢሆንም የተጻፈበት አካባቢ ጠረኑን ትቶበታል። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የዘውዲቱ መታሰቢያና የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም በርካታ የግል ሕክምና ተቋማት የሚገኙበት የአዲስ አበባ እምብርት ነው። በውስጡ ያለው ካዛንቺስ ስሙን የወረሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ሲሆን፣ በኋላም በሆቴሎቹ፣ በአዝማሪ ቤቶቹና በማታ ሕይወቱ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ብዙው ነባር ክፍሉ በመልሶ ማልማት ፈርሶ መልኩ ተለውጧል። ከዚህ ስፍራ ሆኖ መመሪያውን ለሚያነብ አራት ነገሮች ይጎድሉታል።

የመጀመሪያው ስለ ቀን ብርሃን ነው። የኔዘርላንዱ ሙከራ በተካሄደበት ኬክሮስ የክረምት ቀን ስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ይረዝማል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በ12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ በ12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። በሐምሌ ደመና እንኳ ከቤት ውጭ ያለው ብርሃን በክፍል ውስጥ ካለው የኤሌክትሪክ መብራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሰሜኑ ዓለም ብዙ ወጪ ወጥቶበት በጣሪያ የሚገጠመው ነገር በቂርቆስ በመስኮት በኩል በነጻ ይመጣል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ ይኸው ብርሃን በተዘጋ መጋረጃ፣ በተቀባ መስታወትና በመስኮት ፊት በተደረደረ ቁም ሣጥን ሲታገድ ይታያል። መስኮት ብቻውን ዴሊሪየምን ይከላከላል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም። ነገር ግን ጉዳት የሌለው፣ ዋጋ የማይጠይቅና ከተፈጥሮ ሥርዓት ጋር የሚስማማ ነገር ለመጠቀም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ስለ ሰዓት አቆጣጠር ነው። መመሪያዎች ታካሚውን ስለ ጊዜ ለማስታወስ የግድግዳ ሰዓት በዓይኑ ፊት እንዲሰቀል ይመክራሉ። በአዲስ አበባ ግን ሰዓቱ የማንን ቁጥር ያሳይ? ታካሚው ዕድሜ ልኩን ቀኑን የጀመረው ከንጋት ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ለእርሱ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። በአልጋው ራስጌ ያለው መቆጣጠሪያ መሣሪያ ግን 8 ይለዋል፤ ማታ ደግሞ በ2 ሰዓት 20 ያሳየዋል። በየስድስት ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ 6፣ 12፣ 18 እና 24 ተብሎ ሲጻፍ፣ በታካሚውና በአስታማሚው አፍ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12 እና ሌሊት 6 ነው። 6 እና 12 የሚሉት ቁጥሮች በሁለቱም አቆጣጠር ይገኛሉ፤ ትርጉማቸው ግን ተገለባብጧል። ጤነኛው ባለሙያ ይህን ያለ ችግር ሲያቀያይር ይውላል። አእምሮው ለተናወጠ ሰው ግን የግድግዳው ቁጥር ከአፍ መፍቻው ጋር ካልተስማማ ማስታወሻ መሆኑ ቀርቶ ተጨማሪ ግራ መጋባት ይሆንበታል። ዴሊሪየምን ለመለየት የሚያገለግለው ምርመራም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛው መለኪያ ታካሚው «ኤ» የሚለውን ፊደል በሰማ ቁጥር እጅ እንዲጨብጥ ይጠየቃል። የላቲን ፊደል ያልተማረ ሰው ይህን ቢስት የተፈተነው ትኩረቱ ሳይሆን ትምህርቱ ነው።

ሦስተኛው ስለ ድምፅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በሆስፒታል መኝታ ክፍል የሌሊት ድምፅ በአማካይ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ይህ ግብ በበለጸጉት አገሮችም የተደረሰበት አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት በእንግሊዝ አገር በተለኩት አምስት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ድምፁ ምንጊዜም ከ45 በታች አልወረደም። በኢትዮጵያ በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረትነት የወጣው ደረጃ ለመኖሪያ ሠፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይፈቅዳል። ስለዚህ ሕግ የተከበረበት ጎረቤት እንኳ ለጽኑ ሕመምተኛ ከሚመከረው በላይ ይጮኻል። የመስቀል አደባባይ ስብሰባ፣ የድምፅ ማጉያ፣ የግንባታ መኪና፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ሲጨመሩበት ጉዳዩ ከሆስፒታሉ ግቢ ያልፋል።

ይሁንና ድምፅን ሁሉ ጠላት ማድረግም ስሕተት ነው። ጎሕ ሲቀድ ከዑራኤል ወይም ከእስጢፋኖስ የሚሰማ ደወል፣ ከመስጊድ የሚወጣ የማለዳ አዛን፣ የወፎች መንጫጫት ዓይኑን መግለጥ ላቃተው ሰው ነግቷል የሚል መልእክት ያደርሳል። አስቸጋሪው በእኩለ ሌሊት የሚጮኸው ድምፅ ነው። በአልጋው ዙሪያ የሚፈጠረው ደግሞ ከውጭው ይልቅ የቀረበና በባለሙያው ሥልጣን ሥር ያለ ነው፦ ማንም የማይመልስለት የማስጠንቀቂያ ጩኸት፣ የተንቀሳቃሽ ስልክ ጥሪ፣ የብረት ሣህን ኳኳታና የተረኞች ጨዋታ።

አራተኛው ስለ አስታማሚ ነው። በኢትዮጵያ ታካሚ ብቻውን አይታመምም። እናት፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም ጎረቤት በተራ ይቀመጥለታል። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ግን ይህ ሁሉ በር ላይ ይቆማል። በብራዚል በ36 ክፍሎች በ1685 ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሙከራ የጠያቂ ሰዓትን በቀን እስከ 12 ሰዓት ሲያራዝም ዴሊሪየምን በሚታይ መጠን አልቀነሰም። የቤተሰብን ጭንቀት ግን ቀንሷል፤ የባለሙያዎችንም መሰላቸት አላባባሰም። ስለዚህ አስታማሚ መድኃኒት ነው ተብሎ ሊጋነን አይገባም። በአንጻሩ ጊዜን በታካሚው ቋንቋና በለመደው አነጋገር ሊነግር የሚችል ከእርሱ የቀረበ ሰው አይገኝም። «እማማ፣ ነግቷል፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደዋል» የሚል ቃል ከግድግዳ ሰዓት የበለጠ ያስታውሳል።

ምን ሊደረግ ይችላል?

ከላይ የተዘረዘረው አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው ቀኑን ቀን፣ ሌሊቱንም ሌሊት የሚያደርግ የሥራ ቅደም ተከተል ነው።

ሥራው በሌሊት ሳይሆን በጠዋት ይጀመር። ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ መጋረጃ ይከፈት፤ አልጋው ከተቻለ ፊቱን ወደ መስኮት ያዙር፤ የታካሚው ራስ ከፍ ይበል፤ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ያለው ይደረግለት። የማደንዘዣው መጠን በዚሁ ሰዓት ተገምግሞ ሁኔታው የፈቀደለት ታካሚ ዓይኑን ይግለጥ። ተረካቢዋ ነርስ ስምዋን፣ ዕለቱንና ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ትንገረው። በዓይኑ ፊት የሚሰቀለውም ሰዓት በዚሁ ይሞላ። የትእዛዝ ወረቀቱ አቆጣጠር ግን በክፍሉ ውስጥ አንድ ወጥ ሆኖ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚል ቃል ይታከልበት። ይህች ትንሽ ቃል ለታካሚው ዕንቅልፍ ብቻ ሳይሆን ለመድኃኒት አሰጣጥ ጥንቃቄም ትጠቅማለች።

ማታ ከ3 ሰዓት ጀምሮ የጣሪያው መብራት ይጥፋ። ነርሶች በቁጥር አነስተኛ በሆኑበት ክፍል ሁሉንም ታካሚ በአንድ ዓይን ለማየት መብራት ማብራት ግድ የሚሆንበት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። የከንፈርን መጥቆር፣ የቱቦን መውጣት በጨለማ ማየት አይቻልም። ይሁን እንጂ አንዱን ታካሚ ለማየት ስምንቱን መቀስቀስ አያስፈልግም። በየአልጋው የሚበራ ዝቅ ያለ መብራት ወይም የእጅ ባትሪ ይበቃል። የማስጠንቀቂያ ድምፅ ወሰን ለእያንዳንዱ ታካሚ ተለይቶ ሲስተካከልም ከንቱ ጩኸቱ ይቀንሳል፤ አደገኛው ጩኸትም ተለይቶ ይሰማል።

ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ በተቻለ መጠን የማይነካ ይሁን። አንድ የዕንቅልፍ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳልና ይህ ጊዜ ሁለት ዙር ያስጨርሳል። ገላ ማጠብ ወደ ጠዋት፣ አስቸኳይ ያልሆነ ደም መውሰድ ከ11 ሰዓት በኋላ ይዛወር። የደም ግፊቱ ያልረጋ፣ በየሰዓቱ መታየት ያለበት ታካሚ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። አልጋ ቁስል ለመከላከል መገላበጥ ያለበትም ይገላበጥ፤ ነገር ግን መገላበጡ፣ አክታ መምጠጡ፣ ልኬቱና መድኃኒቱ በየተራ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ይፈጸም።

ስለ ሜላቶኒን ደግሞ አንድ ነገር መባል አለበት። የ2025ቱ ማሻሻያ በር ስለከፈተ ብቻ ክኒኑን ማዘዝ ቀላሉ መንገድ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ብርሃን ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ሜላቶኒን እንደሚገታ ይታወቃል። በመብራት ሥር ላለ ታካሚ ሜላቶኒን መስጠት በአንድ እጅ እየከለከሉ በሌላው እንደ መለገስ ነው። ከክኒኑ በፊት ጨለማው ይቅደም።

በመጨረሻም የክፍሉ ሰዓት ሲዛባ የሚጎዳው ታካሚው ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የሌሊት ሥራን ካንሰር ሊያስከትሉ ከሚችሉ ነገሮች መድቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንኑ አጽንቷል። ሌሊቱን በብርቱ መብራት ሥር የሚያነጋው ሐኪምና ነርስም የሚናወጥ የሰውነት ሰዓት አላቸው። የተረኛ ዕረፍት የሌለበት ክፍል ለታካሚ ዕረፍት ሊሰጥ አይችልም።

ማጠቃለያ

የፓዲስ መመሪያ ዕንቅልፍን የጽኑ ሕክምና አካል አድርጎ መቀበሉ ትልቅ አስተዋጽኦ ነው። ማስረጃው ደካማ መሆኑን በግልጽ መናገሩም ያስመሰግነዋል። ድካሙ የሰውነትን ሰዓት ከሌሊቱ ወገን ብቻ መያዙ፣ ጊዜ በሁሉም አገር በአንድ ዓይነት እንደሚቆጠር አድርጎ ማሰቡና አስታማሚ ያለበትን ማኅበረሰብ በቅጡ አለማየቱ ነው። ይህን መሙላት የጄኔቭ ወይም የቺካጎ ሥራ አይደለም። በቂርቆስና በካዛንቺስ፣ በሌላውም የአገሪቱ ክፍል በየአልጋው አጠገብ የሚቆመው ባለሙያ ሥራ ነው። የሌሊት መቀስቀሶችን መቁጠር፣ የጣሪያ መብራት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ መመዝገብ፣ ታካሚው ሲወጣ ስለ ዕንቅልፉ መጠየቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይፈልጋል፤ የአገር ውስጥ ማስረጃም የሚጀመረው ከዚህ ነው።

ከጽኑ ሕመም የነቃው ሰው «አሁን ቀን ነው ወይስ ማታ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ሊያገኝ የሚገባው ከአስታማሚው አፍ ብቻ አይደለም። ዓይኑን ሲገልጥ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን፣ ወይም በክፍሉ ውስጥ የሰፈነው ጨለማና ፀጥታ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።